«የጉም ሐይቅ» ወይስ «ጉም ሐይቅ»? ካርታ ላይ ስም ስለመጻፍ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚካሄድበት አገር የትም የለም፣ ራሴ የፈጠርኩት ነው። ካርታውን በእጄ እየሳልኩ ስሞቹ ላይ ስደርስ ተቸገርኩ። «የጉም ሐይቅ»፣ «የጅብ ገደል»፣ «የእሾህ ዱር» ብዬ ነበር። አንዱ ጓደኛዬ «የ»ዋን አውጪያት፣ ቦታ ትይዛለች አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «የ» ከሌለማ አማርኛ አይደለም አለች። ሐይቅንስ በየትኛው «ሀ» ልጻፈው?

መልስ፦ ወንዱ ጓደኛሽ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን አይረባም። የቦታ ጥበት ቢሆንማ ፊደሉን ማሳነስ ነው።

እስቲ ካርታውን ለጊዜው ተይውና ወደ ልቦለድሽ ተመለሺ። ባለታሪክሽ ወደ ሐይቁ ትሄዳለች እንበል። «ወደ ጉም ሐይቅ ሄደች» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ስትመለስ «ከጉም ሐይቅ ተመለሰች»። እዚያ ካደረች «በጉም ሐይቅ አደረች»። «የ» የት ሄደች? አማርኛ ሌላ መስተዋድድ ከፊት ሲመጣ አገናዛቢዋን «የ» ይጥላታል። ይሄን ሰዋስው የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ስም ሲያወጣ ግን ይረሳዋል። አንባቢሽ ካርታው ላይ «የጉም ሐይቅ» የሚል አይቶ ገጹን ሲገልጥ አንዴ ከነ«የ»ዋ፣ አንዴ ያለሷ ያገኘዋል፤ በመረጃ ጠቋሚው ልፈልገው ቢልማ ከ«የ» ይጀምር ከ«ጉ» አያውቅም።

«እኔ አልጥላትም» ብለሽ «በየጉም ሐይቅ» ብትዪ ደግሞ ሌላ መዘዝ ይመጣል። «በየ» አማርኛ ውስጥ የራሱ ሥራ አለው፦ በየቤቱ፣ በየወንዙ፣ በየመንደሩ። ሴትዮዋ ሐይቅ ለሐይቅ ስትዞር የከረመች ይመስላል።

እውነተኛ ስም የሆነች «የ» ማየት ከፈለግሽ የወሎውን የጁን ተመልከቺ። «በየጁ»፣ «ከየጁ» እንላለን፣ «በጁ» የሚል የለም። የረር ተራራም እንደዚሁ ነው። ከሰው ስም የኔነህን ውሰጂ። «የእኔ ነህ» ማለት መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል፣ ግን «ለየኔነህ ስጪው» እንጂ «ለኔነህ ስጪው» አይባልም። ስም ከሆነች ወዲያ ማንም አይነቀንቃትም። ስለዚህ መፈተኛው ቀላል ነው፤ ስሙ ፊት ላይ «በ» ጨምሪና አንብቢው። «የ»ዋ ከወደቀች ካርታው ላይ አትግባ።

አሁን የሚነሳብኝን አውቃለሁ። ይሄን ነገር ባነሳሁ ቁጥር «ሁለት ስም ያለ የ መደርደር ከፈረንጅ የመጣ ነው፣ የስንፍና አጻጻፍ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ፣ ባሕር ዳርን የትኛው ፈረንጅ ነው ስም ያወጣላት? ጎጃም ውስጥ ፈረስ ቤት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ዶሮ ማነቂያ የሚባል ሰፈር ነበር። ባሕር ዳር ራሷ ውስጥ ዓባይ ማዶ የሚባል ሰፈር አለ። እነዚህን ስሞች ያወጣቸው ገበሬና ነጋዴ ነው፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አላነበበም።

ባሕር ዳር ካልኩ አይቀር ሐይቅሽን ልመልስልሽ። ባሕር ዳር ያለችው ጣና ላይ ነው። ታዲያ ለምን «ሐይቅ ዳር» አልተባለችም? ምክንያቱም ድሮ ሐይቁም ባሕር ነበር የሚባለው። መጽሐፍ ቅዱሱም የገሊላውን ሐይቅ «የገሊላ ባሕር» ነው የሚለው። «ሐይቅ» በግእዝ ውኃው አይደለም፣ ዳርቻው ነው፤ «ሐይቀ ባሕር» ቢል የባሕር ዳርቻ ማለቱ ነው። እንግዲህ ልብ በዪ፣ ግእዙ «ሐይቅ» እና አማርኛው «ባሕር ዳር» አንድ ነገር ናቸው። ዳርቻው ቀስ እያለ ውኃውን ሁሉ ስሙ አደረገው። ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ በስተሰሜን፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ ውኃውም ስሙ ሐይቅ ነው። ዛሬ ሰው «የሐይቅ ሐይቅ» ሲል እሰማለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ አልፋለሁ።

ስለዚህ የሚጻፈው በሐመሩ «ሐ» ነው። በሃሌታው «ሀ» የሚጽፈው ዛሬ ይበልጣል፣ ታፔላና ማስታወቂያው ሁሉ በሱ ነው፣ ክርክሩን እንደተሸነፍኩ አላጣሁትም። አንቺ ግን ካርታሽን በእጅሽ ነው የምትስይው፣ የሚያስቸኩልሽ የለም። ሐመሩ «ሐ» ደግሞ መልኩም ያምራል፣ ሦስት እግሮቹ ውኃ ዳር የቆሙ ይመስላሉ። ይሄ ማስረጃ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

«የጣና ሐይቅ»፣ «የዓባይ ወንዝ» የሚለው መማሪያ መጽሐፉን ሁሉ ሞልቶታል፣ ስህተት ነው ልል አልችልም። እዚያ «የ» ለማብራራት ገብታለች፤ ስሙ ጣና ነው፣ ሐይቅ መሆኑን ለማያውቅ ሰው ነው የተጨመረው። ካርታ ላይ ግን ሰማያዊ ቀብተሽ፣ ዙሪያውን አስምረሽ፣ ውስጡ «ሐይቅ» ብለሽ ስትጽፊ ለማን ነው የምታብራሪው? ከተቻለ ስሙን ብቻውን አቁሚው። በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ ትልቅ የዓለም ካርታ ሠርቶ ነበር። የኢትዮጵያን ክፍል በተመለከተ፣ እዚያ የተወለዱ መነኮሳት አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው ስለው እንደሰጡት ካርታው ላይ ራሱ ጽፎታል። ዓባይና አዋሽ እዚያ አሉ። በጣሊያን አፍ ተጣመው እንኳ ይታወቃሉ። ያ ሁሉ መንገድ የሄደው ስሙ ነው።

ታዲያ «ጉም» ብቻውን ስም አይሆንም ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። እዚህ ላይ አማርኛ የሰጠንን ነገር ለምን እንደማንጠቀምበት አይገባኝም። ዶሮ ማነቂያን እንደገና እዪው። ማነቂያ፣ መሻገሪያ፣ ማደሪያ፣ መውጫ፤ ግሡን ቦታ የሚያደርግ ቅርጽ አለን። «ጉም ማደሪያ» ብትዪው ሐይቁ ላይ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚሆን ነገርሽኝ። «ጅብ መውጫ» ካልሽ ደግሞ ገደሉን መሳል ራሱ ላያስፈልግሽ ይችላል። ከፈለግሽም ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚመስል ስም አውጪ። አዲስ አበባ እሪ በከንቱ የሚባል ሰፈር አለ። እሪ ብትዪ ሰሚ የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም በእጃችን እያለ «የሞት ሸለቆ»ን ከውጭ የሚያስመጣው ሰው ያሳዝነኛል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ጥንታዊ ለማስመሰል ብለሽ ተራራውን ሁሉ «ደብረ» አታድርጊው። ደብር በግእዝ ተራራ ነው፣ እውነት ነው፤ ደብረ ታቦርና ደብረ ሲና ስማቸውን የወሰዱት ከመጽሐፍ ቅዱስ ተራሮች ነው። አማርኛ ተናጋሪው ግን ደብር ሲል ቤተ ክርስቲያኑን ነው የሚያስበው። ሰው ያልረገጠው ተራራ ላይ «ደብረ» ብለሽ ከጻፍሽ አንባቢሽ ደወል ይጠብቃል። ደግሞ «ደብረ ጉም» ግማሹ ግእዝ ግማሹ አማርኛ ነው፤ ግእዙ «ጊሜ» ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ድቅል ስም ዛሬ በየሱቁ በር ላይ አለ፣ ሰዉም ለምዶታል፣ እኔ ግን አልወደውም። አምባ ይሻልሻል። አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ከሳልሽ አምባ ነው፤ እንደ አምባ ጊዮርጊስ ከፊት፣ እንደ ግሸን አምባ ከኋላ ሊቆምልሽ ይችላል።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። የተራራ ሰንሰለት ስም ከጫፍ ጫፍ ተዘርግቶ ነው የሚጻፈው፣ ፊደል ከፊደል ተራርቆ። ያኔ «ጅ ብ መ ው ጫ» ይሆንና ቃሉ የት እንዳለቀ አይታወቅም፣ ምክንያቱም ባዶው ቦታ ሁሉም ጋ አለ። መፍትሔው አያቶቻችን የጣሉልን ሁለት ነጥብ ነው፦ «ጅ ብ ፡ መ ው ጫ»። የቱንም ያህል ብትለጥጪው ቃሉ አይጠፋም። ሁለት ነጥብ ሞቷል የሚሉኝ አሉ። በኮምፒውተር ጽሑፍ ላይ አዎ ሞቷል፣ ልቦለድሽ ውስጥ ብታስገቢውም አርታዒው ያወጣዋል፣ አልከራከርም። በእጅ በተሳለ ካርታ ላይ ግን ከሱ የተሻለ ያሳየኝ ሰው የለም።

የፈረንጅ ካርታ የወንዙን ስም ዘመም አድርጎ፣ የከተማውን በትልቁ ፊደል ይጽፋል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ዘመም ያለ ፊደል ደግሞ ሰክሮ የቆመ ይመስለኛል፣ ተይው። የብራና ጸሐፊዎቻችን የከበረውን ስም በቀይ ቀለም ነበር የሚለዩት። መዲናሽን በቀይ፣ ሌላውን በጥቁር፣ ውኃውን በሰማያዊ ጻፊ፤ በቂ ነው።

የቀረው የአቅጣጫ ምልክቱ ነው። ሰሜን የሚለው ቃል ከስሜን ተራሮች ጋር የተያያዘ ነው። አክሱም ለቆመ ሰው ስሜን ያለው በስተደቡብ ነው፣ ስለዚህ በጥንቱ ግእዝ ሰሜን ማለት ደቡብ ነበር፣ ደቡብም ሰሜን። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደቡብ ሲወርድ ተራራው በሰሜን ቀረ፣ ቃሉም አብሮ ዞረ። አንቺም መዲናሽ የት እንዳለች ከወሰንሽ በኋላ አቅጣጫዎቹን በአገሩ ተራራና ወንዝ ስም ብትጠሪያቸው ማንም አይከስሽም። ደቡብን «አዜብ» ብትዪውም ያስኬዳል፤ ንግሥተ አዜብ የደቡብ ንግሥት ናት።

የተለመዱትን አራቱን የምትጽፊ ከሆነ ግን በመነሻ ፊደል ብቻ እንዳታሳጥሪ። ምሥራቅም ምዕራብም በ«ም» ነው የሚጀምሩት። «ምሥ» እና «ምዕ» በዪ። ምሥራቅም በንጉሡ «ሠ» ይሁንልሽ፤ ፀሐይ ሠረቀች ማለት ወጣች ነው፣ በእሳቱ «ሰ» ሲሆን የሌባ ሥራ ይሆናል። ዛሬ «ምስራቅ» ብሎ የሚጽፈው ስንት ነው ካልሽኝ፣ ሁሉም ነው።