ከማሽኑ በፊት ያለችው ጠርሙስ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን እዚህ ላቦራቶሪ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሲኩዌንሲንግ፣ የጀርምን ዲኤንኤ በማሽን ስለማንበብ ነው። «ጋሼ፣ ማሽኑ ካለ ካልቸር ምን ያደርግልናል?» ያለኝም አለ፤ ካልቸር የሚለው ናሙናውን ጠርሙስ ውስጥ አድርገን ጀርሙን የምናሳድግበትን ሥራ ነው። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ቀርተውኛልና ትንሽ ታገሡኝ።

ጉጉታችሁ ይገባኛል። የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ኬሞ ሲወስድ ጀርም የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል፣ ኒውትሮፊሉ፣ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ500 በታች ሊወርድ ይችላል። ያኔ ትኩሳት ከመጣ ቀልድ የለም። መግል የሚሠራው ሴል ስለሌለ ቁስሉ አይመግልም፣ ራጁም ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ደም ተወስዶ አንቲባዮቲኩ ቶሎ ይጀመራል፤ ጠርሙሱም ሙቀት ጠባቂው ሣጥን፣ ኢንኩቤተር፣ ይገባል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ከአምስት ቀን በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው «ምንም አላደገም» የሚል ነው። እናቱ ኮሪደር ላይ ይዛችሁ «ምን ተገኘ?» ስትል ይህን መመለስ ይጨንቃል።

ሲኩዌንሲንግ ጀርሙ እስኪያድግ አይጠብቅም። ናሙናው ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ያነባል። አብዛኛው የልጁ የራሱ ነው፤ የተረፈችውን ጥቂት ከሚታወቁ ጀርሞች ጋር ያመሳክራል። በ2014 ከአሜሪካ የወጣውን ታሪክ አንብቡት። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፤ በሽታ የመከላከል አቅሙ ሲወለድ ጀምሮ የተጎዳ፣ መቅኒ የተተከለለት። አንጎሉ ተቆጥቶ ሆስፒታል ተኛ። ከአንጎሉ ናሙና ሳይቀር ተወስዶ ምክንያቱ ጠፋ። የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን የአከርካሪውን ፈሳሽ ሲያነብ፣ ከተነበቡት 3 ሚሊዮን ያህል የዲኤንኤ ቁራጮች ውስጥ 475ቱ ሌፕቶስፓይራ የሚባል ባክቴሪያ ሆኑ። መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነበር። ፔኒሲሊን! ልጁ ድኖ ቤቱ ገባ።

በ2020 ደግሞ የሜምፊሱ ሴንት ጁድ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ካንሰር ባገረሸባቸው ወይም ለሕክምና እምቢ ባላቸው ልጆች ላይ ጥናት አወጡ። የደም ኢንፌክሽን ከያዛቸው መካከል ለብዙዎቹ የጀርሙ ዲኤንኤ ኢንፌክሽኑ ከመታወቁ ቀናት ቀድሞ ደማቸው ውስጥ ታይቷል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ ካንድ ታማሚ ልጅ በመጣ ጠርሙስ ላይ ስታፍ የሚባል የቆዳ ባክቴሪያ አደገ። «ኮንታሚኔሽን»፣ ከውጭ የገባ ብክለት ነው፣ ብዬ ጻፍኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ዋርድ አልደወልኩም። በሁለተኛው ቀን ከሌላ ጠርሙስ ያው ስታፍ መጣ። ልጁ ደረቱ ላይ ካቴተር፣ መድኃኒት የሚገባበት ቱቦ፣ ነበረው፤ ጀርሙ የተደበቀው እዚያ ነው። ሐኪሙ ወርዶ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠና ምንም ሳይናገር ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጁ ግን ተረፈ።

ይሄ ጣጣ በማሽኑ ይብሳል። የቆዳውን፣ የአፉን፣ የሞተውን ጀርም፣ መመርመሪያ ኬሚካሉ፣ ሪኤጀንቱ፣ ውስጥ የገባውን ሁሉ ዘርዝሮ ይሰጣችኋል። የትኛው እንዳሳመመው አይነግራችሁም። ባዶ ናሙና አብራችሁ ካላስነበባችሁማ የራሳችሁን እጅ ጀርም ልታክሙ ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራም አሁንም በደንብ የሚነግራችሁ ሳህን ላይ ያደገው ጀርም ነው። ስለዚህ ካልቸር የድሮ ሰው ሥራ ነው የሚላችሁን አትስሙት።

በአገራችን የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ሲኩዌንሲንግ ይሠራሉ። ትኩሳት የያዘውን ልጅ ሁሉ በዚያ መመርመር ግን ገና ሩቅ ነው፤ ሪኤጀንቱ በዶላር ነው የሚገዛው። እስከዚያ ደም ከመውሰዳችሁ በፊት አልኮሉ ቆዳው ላይ ይድረቅ። ደሙ ለልጁ ኪሎ የሚመጥን ይሁን፤ ሁለት ጠብታ ወስዶ «አላደገም» ማለት ፌዝ ነው።

ትናንት አንድ ጠርሙስ ሰዓት ሳይጻፍበት መጣ። ደወልኩ። «አንቲባዮቲክ ጀምሯል?» ስል ነርሷ ዝም አለች። ከዚያ «ኧረ ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው» አለችኝ። መድኃኒቱ ቀድሞ ከገባ ጀርሙ ላያድግ ይችላልና ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩት።