ፓዮኑ ተመጠጠ ወይስ ተዋጠ?

ጥያቄ፦ አንድ የፊዚክስ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ፓዮን የሚባለው ቅንጣት እንደ ዲዩተሪየምና ሂሊየም ያሉ ቀላል ኒውክለሶች (የአቶም እምብርቶች) ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ምን ልበል? "ተመጠጠ"፣ "ሰረገ" ወይስ "ተዋጠ"? "ተያዘ" ብልስ ያስኬዳል?

መልስ፦ እኔ "ተዋጠ"ን እመርጣለሁ።

"መጠጠ" ሲባል ስፖንጅና ውሃ ነው ፊታችን የሚመጣው። የተመጠጠ ውሃ ግን አልጠፋም፤ ስፖንጁን ቢጨምቁት ይወጣል። "ሰረገ"ም ያው ነው። አሸዋ ውስጥ የሰረገ ውሃ አሁንም ውሃ ነው። ፓዮኑ ግን ከዚያ በኋላ የለም። 140 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) የሚያህለው መጠነ ቁሱ እንዳለ ወደ ጉልበት ይለወጣል። "ዋጠ" ይህን መጥፋት በውስጡ ይዟል። ሰው ድንገት ሲሰወርብን "ምድር ዋጠችው እንዴ?" እንል የለ?

"ተያዘ"ን አይጣሉት፤ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ኔጌቲቭ ፓዮን ፍጥነቱ ሲያልቅ ኒውክለሱ ይስበውና እንደ ኤሌክትሮን ዙሪያውን መዞር ይጀምራል። ያኔ ተያዘ። ደረጃ በደረጃ ወርዶ ኒውክለሱ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይዋጣል። ፖዘቲቭ ፓዮንን ግን ኒውክለሱ ስለሚገፋው፣ እየበረረ ሳለ ካልሆነ አይዋጥም። ለእሱ "ተያዘ" አይሆንም።

ዋጭውም መታወቅ አለበት። "ኒውክለሱ ዋጠው" ትክክል ነው። "አንድ ፕሮቶን ዋጠው" ግን ስሕተት ነው፤ ሰዋስዉ ቢፈቅድም ተፈጥሮ አይፈቅድም። በቆመ ፓዮን እንየው። ብቻውን የቆመ አንድ ኒውክሊዮን (ፕሮቶን ወይም ኒውትሮን) ያን ሁሉ ጉልበት ቢቀበል በፍጥነት መሄድ ነበረበት። ግን ወዴት? መጀመሪያ ሁሉም ቆሞ ነበር፤ ወደ አንድ ወገን የሚሄድ ካለ ወደ ተቃራኒው የሚሄድም ያስፈልጋል። ስለዚህ ሌላ ቅንጣት ካልወጣ በቀር ብቻውን አይችለውም። ሁለት ሲሆኑ ግን ይሆናል። አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ባሉት ዲዩተሪየም ውስጥ ኔጌቲቭ ፓዮን ሲዋጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ኒውትሮኖች እያንዳንዳቸው 68 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይዘው ጀርባና ጀርባ ይፈተለካሉ። ሂሊየም 3 ላይ ሦስቱም ኒውክሊዮኖች ጉልበቱን የሚካፈሉበት ጊዜ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ "ተጋግዘው ዋጡት" ብል ደስ ይለኛል፤ አማርኛችን የሚያምርበት ቦታ ነው።

"ቀላል ኒውክለስ" ያሉት ያስኬዳል። ብቻ "ቀላል" የ"ከባድ"ም የ"አስቸጋሪ"ም ተቃራኒ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሲያነሡት "ጥቂት ኒውክሊዮኖች ያሉት" ብለው ያብራሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። "ይዋጣል" ስንጽፈው ሁለት ቃል ነው። "ጣ" ሲላላ የመዋጥ ነው፤ ሲጠብቅ የመዋጮ ነው። ፊደላችን ደግሞ ጥብቀቱን አያሳይም። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ በርዕስ ላይ "ፓዮን ይዋጣል" ከሚሉ "ኒውክለሱ ፓዮኑን ይውጠዋል" ይበሉ።