የመንግሥት ሠራተኛና ሎቢ፦ ጥያቄና መልስ ለጎንደር ልጆች

መላሽ፦ ጥያቄ ክፍት ነው። ሎቢ ስንል ሕግና በጀት የሚወስኑ ተመራጮችን መጎትጎት ማለታችን ነው። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ጉዳዩ ምንድን ነው፣ የምታናግሩት ማንን ነው፣ ወጪውን የሚከፍለው ማነው።

የአዘዞው፦ ጋሼ፣ የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ነው፣ ሁላችንም የመገጭን እንጠብቃለን። የውሃ መሥሪያ ቤት ባሕር ዳር ቡድን ልኮ የክልሉን ምክር ቤት ቢጎተጉት ክልክል ነው?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። ራሱን የቻለ የሎቢ አዋጅ የለንም፤ ገደቡ ተበታትኖ ነው ያለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። አዋጅ 668/2002 ሀብት ማስመዝገብንና የጥቅም ግጭትን፣ አዋጅ 881/2007 የሙስና ወንጀሎችን ይዟል። ማስረዳት ማንንም አያስጠይቅም። የሚያስጠይቀው አበሉ፣ መኪናውና ማኅተሙ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ከምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ቁጥርና ቀን ያለው የጥሪ ደብዳቤ ይምጣ፣ መዝገብ ቤት ይግባ። የጉዞ ትእዛዙ ላይ የደብዳቤውን ቁጥር ጠቅሳችሁ «ማብራሪያ ለመስጠት» በሉ። «ለሥራ ጉዳይ» ብቻ ከተባለ ኦዲተር ደጋፊ ሰነድ ሲጠይቅ የምታሳዩት የለም፤ አበሉን መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። ስትቀርቡ የተጠየቃችሁትን መልሱ፦ የደለሉን መጠን፣ በቀን የሚመረተውን ውሃ፣ ፈረቃው በየስንት ቀኑ እንደሚደርስ። ከስብሰባው በኋላ የተመራጮችን በር እየዞራችሁ ማንኳኳት ግን በሕዝብ ገንዘብ አይሆንም። በጀቱንማ በበጀት ጥሪው ጊዜ፣ መሥሪያ ቤቶች ጥያቄያቸውን አቅርቡ ሲባሉ ነው መጠየቅ። ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ ላይ ደጅ መጥናት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ማራኪ፦ መምህር ነኝ። ስለ ደመወዝ ፊርማ አሰባስበን ለተመራጫችን ብንሰጥስ?

መላሽ፦ ትችላላችሁ። አቤቱታ የማቅረብ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አለ። ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሳችሁ ስምና በነጭ ወረቀት ይሁን። የትምህርት ቤቱን ማባዣ፣ ማኅተምና የቴሌግራም ቻናል አትንኩ፤ በተማሪ እጅ ለወላጅ ወረቀት አትላኩ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 የተመዘገበ የሙያ ማኅበር ካላችሁ ደግሞ በእሱ በኩል ሂዱ፤ ሕግና ፖሊሲ እንዲሻሻል ሐሳብ ማቅረብ ይፈቀድለታል።

ቀበሌ 18፦ ሎቢ ማድረግ ይቻላል ወይስ አይቻልም?

መላሽ፦ ምን ጉዳይ? ለማን? በማን ገንዘብ? ከላይ ጽፌዋለሁ።

ጃን ተከል፦ አሜሪካኖቹ እንዴት ነው የሚከለክሉት?

መላሽ፦ ይቺን ስጠብቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣ ሕግ አላቸው። ኮንግረስ የመደበው ገንዘብ የኮንግረስ አባልን ለመወትወት ለቴሌግራም (ለድሮው የሽቦ መልእክት)፣ ለስልክ፣ ለደብዳቤ፣ ለሕትመት እንዳይወጣ ይከለክላል። ሠራተኛው አባሉ ሲጠይቀው ወይም በመሥሪያ ቤቱ መደበኛ መንገድ ሐሳብ ከማቅረብ ግን አይታገድም። የፍትሕ ሚኒስቴራቸው የሕግ አማካሪ ቢሮ በ1989 ሲተረጉመው ዋናው ክልከላ ሕዝቡ ለተመራጮቹ እንዲጽፍ በመንግሥት ወጪ የሚደረግ ትልቅ ቅስቀሳ ነው አለ፤ መለኪያውንም ከ50,000 ዶላር በላይ አደረገው። በ2002 ደግሞ ቅጣቱ ከወንጀል ወደ ፍትሐ ብሔር ዞሮ ለእያንዳንዱ ወጪ ከ10,000 እስከ 100,000 ዶላር ሆነ። የኛ ሰው ልብ እንዲል የምፈልገው እዚህ ጋ ነው፦ የሚቆጠረው ወጪው ነው።

ፒያሳ፦ ይሄ የሚጠቅመው ባለሀብቱን ነው። እሱ ጠበቃ ይዞ ይገባል፣ ጤና ጣቢያው ዝም ይላል።

የአዘዞው፦ ዝም በል ማን አለው? በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ያቀርባል።

ፒያሳ፦ ማን ሊያነበው!

ማራኪ፦ ተመራጩ ታዲያ ለምን ተመረጠ?

ፒያሳ፦ እሱንማ ለምርጫ ቀን አቆየው።

መላሽ፦ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። ፒያሳ ያለው ችግር እውነት ነው፤ የጤና ጣቢያውን ገንዘብ ለጉትጎታ ማውጣት ግን መድኃኒት መግዣውን ይነካል። የቀበሌው ነዋሪ በራሱ ስም ይጻፍ፤ ኮሚቴው ባለሙያውን ይጥራ፤ ባለሙያው ቁጥሩን ይዞ ይቅረብ።

ጃን ተከል፦ ጡረታ የወጣ ኃላፊስ?

መላሽ፦ ካናዳ ከፍተኛ ሹማምንቷን ከለቀቁ በኋላ ለ5 ዓመት ሎቢ እንዳያደርጉ ታግዳለች። እኛ ዘንድ በቀድሞ ወንበሩ ስም ገንዘብ እየተቀበለ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው በግል ተሰሚነት በመነገድ ሊጠየቅ ይችላል።

አራዳ፦ ለኮሚቴው አባላት ጋቢና ምሳ በመሥሪያ ቤቱ ወጪ ብናዘጋጅስ?

መላሽ፦ አይሆንም።

ቀበሌ 18፦ ቡና ብቻ ቢሆንስ?

መላሽ፦ በማን ገንዘብ?