የትኛው ወታደር ይሠራልን? የሰብሳቢዎች ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ባለፈው እትም «እስካሁን ያልተሠራ፣ ቢሠራ ግን ያለማመንታት የምትገዙት ታሪካዊ የወታደር ምስል ወይም ሞዴል የትኛው ነው?» ብለን መጠየቃችን ይታወሳል። የደረሱን ደብዳቤዎች ከጠበቅነው በላይ ናቸው። ናፖሊዮን በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ እንዲሠራላቸው የጠየቁትን አንባቢዎች ይቅርታ እየጠየቅን አልፈናቸዋል፤ እርሱ በየመጠኑና በየዓይነቱ ሞልቷል። ከቀሩት መካከል የብዙዎችን ሐሳብ ይወክላሉ ያልናቸውን መርጠን እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ አምራቾች ከሁለትና ከሦስት ጦርነቶች የማይወጡት ለምንድን ነው? ናፖሊዮን የተሸነፈበት የዋተርሎ ጦርነት እግረኞችና የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንኮች በየዓመቱ በአዲስ ሣጥን ይመጣሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓን ያመሰውን የሠላሳ ዓመቱን ጦርነት ወይም ከእስልምና በፊት የነበረውን የሳሳኒድ ፋርስን ፈረሰኛ የሚፈልግ ሰው ግን ሲጠብቅ ይኖራል። — መ. ተ.

መልስ፦ ነገሩን የሚወስነው አምራቹ ለታሪክ ያለው ፍቅር ሳይሆን ቅርጽ ማውጫው ነው። ጠንካራ ፕላስቲክ በግፊት የሚሞላበት የብረት ቅርጽ ማውጫ ብዙ የሥራ ሰዓት የሚበላ ውድ መሣሪያ ሲሆን፣ ወጪውም በሙሉ የሚከፈለው የመጀመሪያው ሣጥን ከመሸጡ በፊት ነው። ይህን ገንዘብ ለመመለስ እጅግ ብዙ ሣጥን መሸጥ ግድ ስለሚል፣ አምራቹ ገዢው አስቀድሞ ወደሚያውቀው ጦርነት ያዘነብላል፤ ገዢውም የሚያውቀው በብዛት የተሠራለትን ነውና አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይኖራል።

ነጭ ብረት የሚባለው የቆርቆሮ ቅይጥ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ቀልጦ የሚፈሰው እየተሽከረከረ በሚሞላ የጎማ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ስለሆነ መነሻ ወጪው ትንሽ ነው፤ ጎማው ጥቂት መቶ ምስል አውጥቶ ቢያረጅም አምራቹን አያከስረውም። ሬዚን (ፈስሶ የሚጠነክር ሠራሽ ሙጫ) የሚፈስበት የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ደግሞ ጥቂት ደርዘን ቅጂ ከሰጠ በኋላ መቀደድ ይጀምራል፤ ሆኖም እርሱን ደግሞ መሥራት ቀላል ነው። ስለዚህ የሳሳኒዱ ፈረሰኛ በፕላስቲክ ሣጥን እንዲመጣ መጠበቅ ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል፤ በነጭ ብረት ወይም በሬዚን የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ ግን ተመሳሳዩን ደብዳቤ በቁም ነገር ያነበዋል። ከምኞቱ በፊት አድራሻውን መለየት ይበጃል።

ጥያቄ፦ መድፍና ተኳሾቹ በየሣጥኑ አሉ። መድፉን ወደ ሜዳው ያመጡት ፈረሶች፣ ጋሪዎችና ነጂዎች ግን የሉም። ይህን የሚመኘው እኔ ብቻ ነኝ? — አ. ገ.

መልስ፦ ብቻዎን አይደሉም፤ ከመጡልን ምኞቶች ሁሉ በእኔ ዘንድ ሚዛን የደፋውም ይኸው ነው። የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት (እ.ኤ.አ. ከ1861 እስከ 1865) እንውሰድ። ባትሪ በሚባለው፣ ስድስት መድፍ ባለው የመድፈኛ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ መድፍ ከኋላው የሚታሰርበት ባለ ሁለት ጎማ የፊት ጋሪ ነበረው፤ በተጨማሪም የራሱ የፊት ጋሪ ያለው አንድ የጥይት ሠረገላ ይከተለዋል። እያንዳንዱ በስድስት ፈረስ ሲሳብ መድፎቹንና እነዚህን ሠረገላዎች ለማንቀሳቀስ ብቻ 72 ፈረስ ያስፈልጋል፤ መኮንኖቹ የሚቀመጡበት ፈረስ፣ ተለዋጩ ፈረስና የእቃው ጋሪ ገና አልተቆጠሩም። በመደርደሪያችን ላይ ግን ባትሪው ከነተኳሾቹ ከሰማይ የወረደ ይመስል ብቻውን ተገትሯል።

አምራቹ የሚሸሽበት ምክንያት አይጠፋኝም። ስድስቱ ፈረስ በሁለት በሁለት ተጠምዶ ከጋሪውና ከመድፉ ጋር ሲሰለፍ ሰው 54 ሚሊ ሜትር ቁመት በሚኖረው የምስሎች መጠን ርዝመቱ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የመሳቢያው ጠፍርና ሰንሰለት ቀጭን ነው፤ በቀለም ሥራም ጊዜ ከአንድ ረድፍ እግረኛ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቢሆንም መልኩን አስቡት። ነጂዎቹ ሦስት ናቸው፤ የሚቀመጡት በግራ በኩል በተጠመዱት ፈረሶች ላይ ብቻ ሲሆን፣ የቀኙን ፈረስ ከኮርቻቸው ላይ ሆነው ይመሩታል። በሁለቱ ፈረሶች መካከል ከሚያልፈው የጋሪ ምሰሶ ጋር እንዳይላተም በቀኝ እግራቸው ላይ ጠንካራ የእግር መከላከያ ያስራሉ። ይህን መከላከያ በቦታው የቀረጸ ሰው ምንጩን አገላብጧል ማለት ነው፤ በግራ እግር ላይ ያደረገው ደግሞ ፎቶግራፉን ገልብጦ ሳያይ አልቀረም።

ጥያቄዎ ሰሚ እንዲያገኝ አንድ ነገር ልምከርዎ። «ሙሉ የመድፍ ጋሪ ከነፈረሶቹ ይሠራልን» የሚለው ምኞት አምራቹን ያስፈራዋል። «አንድ ጥንድ ፈረስ ከነነጂው፣ ተነጥሎ የሚሸጥ» የሚለው ግን ያማልለዋል፤ ምክንያቱም ያንኑ ጥንድ እርስዎ ሦስት ጊዜ ይገዙታል፣ የቁስለኛ ማመላለሻ ወይም የስንቅ ጋሪ የሚሠራ ሌላው ሰብሳቢም ይፈልገዋል። ጋሪው በኋላ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ምስሎቹ ሁሉ ወይ ይተኩሳሉ ወይ በሳንጃ ይወጋሉ። ወታደር ከሚዋጋበት ይልቅ የሚጓዝበት ጊዜ ይበልጥ የለም እንዴ? የሚራመዱና ያረፉ ምስሎች ብናገኝ ምናለ። — ሰ. ኃ.

መልስ፦ የሚራመድ ወታደር መሥራት በዚህ ሙያ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በግብፅ አስዩት ከአገረ ገዢው ከመሰህቲ መቃብር የወጡትና በካይሮው የግብፅ ሙዚየም የሚገኙት የእንጨት ወታደሮች ከክርስቶስ ልደት በፊት 2000 ዓመት ገደማ የተሠሩ ናቸው። አርባዎቹ ጦርና ጋሻ የያዙ ግብፃውያን፣ አርባዎቹ ቀስት የያዙ ኑቢያውያን ሲሆኑ፣ አንዳቸውም አይወጉም፤ ሁሉም በአራት በአራት ተሰልፈው ይራመዳሉ። ቁመታቸው እኩል አይደለም፣ በጋሻዎቻቸው ላይ የተሳለው የከብት ቆዳ ዥንጉርጉርም ይለያያል። ዛሬ ስምንት ሰው በአንድ ፊትና በአንድ ቁመት አባዝቶ የሚሸጥ አምራች ቢያያቸው አይጎዳም።

ለምኞትዎ ደግሞ አምራቹን በኪሱ በኩል የሚያሳምን ክርክር አለ። የፈረንሳይ መደበኛ እግረኛ እ.ኤ.አ. በ1805 ኦስተርሊትዝ ላይ ባለ ሁለት ማዕዘን ባርኔጣ አድርጎ ተዋግቷል፤ በ1809 ቫግራም ላይ ሻኮ የሚባለውን ረጅም ቆብ አድርጓል፤ በ1812 የወጣው ደንብ ደግሞ የኮቱን ጭራ አሳጥሮታል፣ ይህ አዲስ ልብስ በብዛት የታየው ግን በ1813 ነው። ሙሉ የደንብ ልብሱን ለብሶ የሚተኩስ ምስል እንግዲህ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ያገለግላል። ካፖርት የደረበ፣ ሻኮውን በጨርቅ የሸፈነ፣ ጠመንጃውን አንግቶ የሚራመድ ምስል ግን የኮቱ ጭራ ስለማይታይ ከቫግራም እስከ 1815ቱ ዋተርሎ ድረስ ያለ ነቀፋ ይሰለፋል። አንድ ቅርጽ ማውጫ፣ ብዙ ዘመቻ፣ ብዙ ገዢ ማለት ነው። የተጠቀለለውን ብርድ ልብስ፣ በጀርባ ቦርሳ ላይ የታሰረውን ጫማ፣ በመንገድ የተቀደደውን ሱሪ ቀራጺው ቢጨምርበት ደግሞ እሰየው።

ጥያቄ፦ 54 ሚሊ ሜትር፣ 1/32፣ 1/35፣ 28 ሚሊ ሜትር... ምኞቴን ወደ አምራቹ ስልክ የትኛውን መጠን ልጻፍ? — ብ. ደ.

መልስ፦ ክፍልፋዩን ይጻፉ፤ 1/32 ማለት ከእውነተኛው መጠን ሠላሳ ሁለተኛ እጅ ማለት ነው። ሚሊ ሜትሩ አሻሚ ነው፤ አንዱ አምራች ከእግር ጫማ እስከ ዓይን፣ ሌላው እስከ ራስ ቅል ይለካል፤ 28 ሚሊ ሜትር የሚባሉት ምስሎች ጭንቅላታቸውና እጃቸው ገዘፍ ብሎ መሠራቱም ንጽጽሩን ያበላሸዋል። 175 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሰው 54 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከ1/32 ጋር ይቀራረባል፤ ያው ሰው በ1/35 50 ሚሊ ሜትር፣ በ1/72 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። 165 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወታደር ደግሞ በ1/32 ከ52 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ ስለዚህ አጠር ያለ ምስል ሁሉ የተሳሳተ አይደለም። በነገራችን ላይ 1/35 በታንክ ሞዴሎች ዘንድ የነገሠው በታሪክ ወይም በሒሳብ ምክንያት አይደለም። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ባለ ሞተር የጀርመን ፓንተር ታንክ ሞዴል ሲያወጣ ባትሪዎቹ ውስጡ እንዲገቡለት የመረጠው መጠን ነው፤ ሌሎቹ ተከተሉት።

ጥያቄ፦ የድሮዎቹ የእርሳስ ወታደሮች በቀድሞ መልካቸው እንደገና ቢወጡ አይሻልም? — ወ. መ.

መልስ፦ መልካቸው ይውጣ፣ እርሳሱ ግን ይቅር። የእንግሊዙ የብሪተንስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1893 ያስተዋወቀው ዘዴ ብልህ ነበር፤ የቀለጠው ብረት ተሞልቶ የውጭው ቆዳ ብቻ ሲረጋ ቀሪው ይደፋል፣ ምስሉም ውስጡ ባዶ፣ ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ርካሽ ይሆናል። እርሳሱ የቀረው በ1966 ነው። እርሳስ መርዝ በመሆኑ ቅጂዎቹ ዛሬ እርሳስ በሌለው ቅይጥ ቢሠሩ የሚጎድላቸው ነገር የለም፤ አሮጌዎቹን የያዛችሁ ደግሞ ከሕፃናት እጅ አርቁ፣ ከነኩ በኋላም እጃችሁን ታጠቡ።

ጥያቄ፦ ለአምራቾች ደጋግሜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ምኞት እንዴት ቢጻፍ ይሰማል? — ተ. አ.

መልስ፦ ከደብዳቤዎ ጋር የላኩልንን ቅጂ አንብበነዋል። «የባይዛንታይን ሠራዊት ቢሠራ» ይላል። የባይዛንታይን (የምሥራቅ ሮም) መንግሥት ከሺህ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ቀራጺው ከየት ይጀምር? ክፍለ ዘመኑን፣ ከቻሉም ጦርነቱን፣ ቀጥሎ የጦሩን ዓይነት፣ ከዚያ የሰውነት አቋሙን ይግለጹ። ለምሳሌ «በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ፣ ሰውም ፈረስም ጥሩር የለበሰ ከባድ ፈረሰኛ፣ ዱላ የያዘ፣ በዝግታ የሚጓዝ» ቢሉ ቀራጺው የመሳያ እርሳሱን ያነሣል።

ከዚያ ማስረጃ ያያይዙ። ዊልያም ሲቦርን የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1838 ለንደን ላይ ለሕዝብ ያሳየውን የዋተርሎ ሞዴል ሲያዘጋጅ በጦር ሜዳው ላይ ወራት ተቀምጦ መሬቱን ለካ፤ በሕይወት ለነበሩት መኮንኖችም እየጻፈ ክፍላቸው በዚያ ሰዓት የትኛው ቦታ ላይ እንደነበረ፣ ፊት ለፊታቸው ምን እንዳዩ ጠየቀ። ከ70,000 በላይ ጥቃቅን ምስሎች ያሉት ይህ ሥራ ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይታያል። ከእርስዎ ይህን ያህል ማንም አይጠብቅም። ነገር ግን በሙዚየም ያለ የራስ ቁር ፎቶግራፍ፣ የዘመኑ የብራና ሥዕል፣ የመለያ ቁጥሩ ጭምር ተጠቅሶ ቢላክ አምራቹን ከሚያስፈራው የጥናት ወጪ ግማሹን እርስዎ ሸፈኑለት ማለት ነው። በመጨረሻም ስንት እንደሚገዙ ሳያጋንኑ ይጻፉ። «አንድ» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም፤ አምራቹ የሚፈራው ሺህ ቃል ገብቶ የሚጠፋውን ነው።

ጥያቄ፦ ባለ ሦስት አውታር (3D) ማተሚያ በየቤቱ እየገባ ነው። ከእንግዲህ አምራች መለመን ምን ያደርጋል? — ዘ. ፈ.

መልስ፦ በከፊል ትክክል ነዎት። አንድ ቀራጺ በኮምፒውተር የሠራውን ምስል ያለ ቅርጽ ማውጫ አንድም አሥርም ማተም ስለሚቻል፣ ሠራዊቱን ሳይሆን አንድ ሰው የሚሹ ምኞቶች ከሁሉ ይልቅ በዚህ መንገድ ይሳካሉ፤ የጦር ሐኪሙ፣ ፈረስ ጫማ አበጁ፣ ከሠራዊቱ ጋር የምትጓዘው ልብስ አጣቢ ሴት ለዚህ የተፈጠሩ ናቸው። ይሁንና ፋይሉን እንደፈለጉ ማሳነስ አይቻልም። ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ አፈሙዝ በ1/72 ከ0.3 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ በ1/32 ያማረው ጠመንጃ እዚህ ሲደርስ በሚታተምበት ጊዜ የያዘው ድጋፍ ሲቆረጥ አብሮ ይሰበራል። ስለዚህ ፋይል ሲያዝዙ የሚያትሙበትን መጠን አስቀድመው ይንገሩ፣ ቀራጺው መሣሪያዎቹንና ማሰሪያዎቹን ለዚያ መጠን ያወፍራቸዋል። በብርሃን ያልጠነከረውን ፈሳሽ ሬዚን በባዶ እጅ አይንኩ፤ የሚያትሙበትም ክፍል አየር የሚያስገባ ይሁን። ፈረሶቹን ከሆዳቸው በታች ቢደግፏቸው ደግሞ የድጋፉ ጠባሳ ከኮርቻው ርቆ ስለሚቀር በአሸዋ ወረቀት ማለስለሱ ይቀልልዎታል።