የአንባቢያን ጥያቄ፦ በጢስ ጠቋሚው ውስጥ ያለው አሜሪሲየም

ጥያቄ፦ መምህር፣ በኮምቦልቻ የጥጥ መጋዘን ጠባቂ ነኝ። ከጣሪያ የወረደ አሮጌ የጢስ ጠቋሚ ጀርባ ላይ የጨረር ምልክትና «አሜሪሲየም 241» የሚል ጽሑፍ አየሁ። ልጆቼ ሊፈቱት ሲሉ ከለከልኳቸው። አደገኛ ነው?

መልስ፦ እሰይ፣ ደግ አድርገዋል! አሜሪሲየም ብርማ መልክ ያለው፣ አቶማዊ ቁጥሩ 95 የሆነ ሰው ሠራሽ ብረታማ ንጥረ ነገር ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኬሚስት ግሌን ሲቦርግና ባልደረቦቹ ፕሉቶኒየም የተባለውን ንጥረ ነገር ኒውትሮን በሚባሉ የአቶም ቅንጣቶች ደብድበው አገኙት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተደብቆ ቆየ፤ ሲቦርግ ምስጢሩን ያወጣው በ1945 በሬዲዮ የልጆች ዝግጅት ላይ አንድ ልጅ ሲጠይቀው ነው። ይህን ታሪክ ደሴ ለማስተምራቸው ልጆች ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፤ ጠያቂ ልጅ እወዳለሁና።

በመሣሪያው ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከግራም አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። የሚረጨው የአልፋ ጨረር በሁለት ሳህኖች መካከል ያለውን አየር ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ያደርገዋል። ጢስ ሲገባ ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ደወሉም ይጮኻል። ግማሹ ኔፕቱኒየም ወደተባለ ሌላ ንጥረ ነገር እስኪለወጥ 432 ዓመት ይፈጃል፤ ስለዚህ መሣሪያው ቢያረጅም አሜሪሲየሙ አላረጀም።

አልፋን አንድ ወረቀት ያግደዋል፤ ያልተሰበረ መሣሪያ አጠገብ መቀመጥ አያሰጋም። የምፈራው ብናኙ በትንፋሽ ወይም በአፍ መግባቱን ነው፤ በአጥንትና በጉበት ውስጥ ይከማቻል። አይፍቱት፣ አያቃጥሉት፣ እባክዎ ለቁራሌው አይስጡት። በላስቲክ ጠቅልለው ከልጆች ያርቁትና ጨረር ለሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲያስታውቁ ለአለቆችዎ ይንገሩ።