አባቱ ያስተረፈውን ልስጠው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎ ከቢቸና ነው። የ7 ዓመት ልጄ ጉንፋን ይዞት ያስነጥሰዋል፤ ማታ ማታም ያስለዋል። ባለፈው አባቱ ታሞ፣ ሲሻለው የተወው 6 ፍሬ አሞክሳሲሊን ቤት አለ። አማቴ «አንዱን ፈልቅቀሽ በማር ለውሰሽ አቅምሽው» ይሉኛል። ልስጠው ወይ?

መልስ፦ እታለም፣ አማትሽ በማሩ አልተሳሳቱም። አንድ ዓመት ላለፈው ልጅ ማር የማታ ሳል ያበርዳል። ማሩን ስጪው። ፍሬው ግን ይቅር።

ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። አሞክሳሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፤ ቫይረሱን ንክች አያደርገውም። ልጁ እንደሆነ በሳምንት በአሥር ቀን በራሱ ይሻለዋል፤ እናንተም «ፍሬው አዳነው» ትላላችሁ። ደግሞ የልጅ መድኃኒት በኪሎው ይሰላል እንጂ የአዋቂው ተፈልቅቆ በግምት አይሰጥም። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ትኩሳቱ አልለቅ ካለ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

እኔ ደብረ ማርቆስ መድኃኒት ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። የገበያ ቀን ሰው ቀይና ቢጫውን ፍሬ በመሐረብ ቋጥሮ ይመጣል። «የዚህን ዓይነት 4 ስጠኝ።» ለምን ብዬ ስጠይቅ አንዱ ለጥርሱ፣ አንዱ ለወገቡ፣ አንዱ ደግሞ ዱቄቱን ቁስል ላይ ሊነሰንስ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ አካባቢ እሸጥላቸው ነበር። እኔ እምቢ ብል ከማዶው ይገዛሉ ብዬ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ባክቴሪያ እንዲህ ያለ አግባብ መድኃኒት ሲቀምስ ይለምደዋል። የሚለምደው ደግሞ ባክቴሪያው እንጂ የሰውየው ሰውነት አይደለም። ፔኒሲሊንን በፈረንጆቹ 1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እንኳ በ1945 ኖቤል ሲሸለም ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር። የለመደው ባክቴሪያ ታዲያ ከአባት ወደ ልጅ ይሻገራል። አንዱ መሻገሪያው እጅ ነው።

ስለ እጅ አልጠየቅሽኝም፤ እኔ ግን አላልፈውም። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ያስታጥባል። ልብ ብለሽ ካየሽ፣ ከምግብ በፊት የጣታችንን ጫፍ ረጠብ አድርገን «ይበቃል፣ ተባረክ» እንላለን። ሳሙና የሚጠራው ወጡ እጃችን ላይ ከደረቀ በኋላ ነው! አንቺ ቤት ሳሙናው ቀድሞ ይምጣ። ከሽንት ቤት መልስም፣ ንፍጡን ከጠረግሽለት በኋላም። የጣት መሐል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍር ሥር፣ 20 ሰከንድ ያህል ይታሽ። ሳሙና ካለቀ ንጹሕ አመድ አለ።

6ቱን ፍሬ መድኃኒት ቤት ወስደሽ እንዲያስወግዱልሽ ስጪያቸው። አባቱም ሌላ ጊዜ ሲታዘዝለት፣ ሐኪሙን ሳይጠይቅ «ተሻለኝ» ብሎ እንዳያቋርጥ ንገሪው። አማትሽ ካኮረፉ ደግሞ ማሩን እሳቸው ያቅምሱት።