ስለ አሜሪካ ሮማንቲሲዝምና ጎቲክ ሥነ ጽሑፍ ጠይቁኝ፣ እስከ ማታ አለሁ

ጋሽ ተፈራ፦ ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወዳጆች። ባለፈው ስለ አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ ትንሽ ጽፌ በውስጥ መስመር ጥያቄው በዛብኝ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ አንድ ላይ ብንነጋገር ይሻላል። ይሄን ሥነ ጽሑፍ ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። ቦስተን በኖርኩበት ጊዜም የጠንቋይ ክሱ ከተማ ሳሌም በባቡር ግማሽ ሰዓት ስለሆነች ደጋግሜ ሄጃለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር ላሳስብ። አንደኛ፣ ፊልም አይታችሁ ስለ መጽሐፉ አትጠይቁኝ። ሁለተኛ፣ ተራኪው ደራሲው አይደለም። ሁለቱን ያዙልኝ።

ሚሚ፦ ጋሼ እንኳን መጡ። ሮማንቲክ ማለት የፍቅር ታሪክ አይደል? ከአስፈሪ ታሪክ ጋር ምን አገናኘው?

ጋሽ ተፈራ፦ አይደለም ሚሚ፣ ቃሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። ሮማንቲሲዝም በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አውሮፓ ውስጥ የተነሳ የአስተሳሰብና የጥበብ ንቅናቄ ነው። ከዚያ በፊት ትልቁ ቦታ የአመክንዮ ነበር። ሮማንቲኮቹ ስሜትን፣ ምናብን፣ ተፈጥሮንና የእያንዳንዱን ሰው ውስጥ አስቀደሙ። አሜሪካ ሲደርስ ሁለት መንገድ ያዘ። ኤመርሰን የተባለ አሳቢ በ1836 «ተፈጥሮ» የምትል ትንሽ መጽሐፍ አሳተመና፣ ሰው ወደ ውስጡ ቢመለከት መለኮታዊ ብርሃን ያገኛል አለ። ደራሲዎቹ ፖ፣ ሆቶርንና ሜልቪልም ወደ ውስጥ ተመለከቱ። እነሱ ያገኙት ግን ፍርሃትና የተዳፈነ ኃጢአት ነው። ስለዚህ ጎቲኩ፣ ማለትም አስፈሪው ሥነ ጽሑፍ፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ አይደለም። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ አንዱ በቀን አንዱ በሌሊት የሚሄድ።

አንባቢው፦ ጎቲክ ያለ አሮጌ ግንብ ይሆናል እንዴ? አሜሪካ ደግሞ ግንብ የላትም።

ጋሽ ተፈራ፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ቻርልስ ብሮክደን ብራውን የሚባል የፊላደልፊያ ሰው በ1799 መልሶታል። «ኤድጋር ሀንትሊ» የሚለው ልብወለዱ መግቢያ ላይ፣ ግንቡንና አጉል እምነቱን ለአውሮፓ እንተወው፣ አሜሪካዊ ደራሲ ምድረ በዳውንና ከነባሩ ሕዝብ ጋር ያለውን ግጭት ይጻፍ ይላል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ «ዊላንድ» ላይ፣ የእግዚአብሔርን ድምፅ ሰማሁ ብሎ ሚስቱንና ልጆቹን የገደለ አባት ጽፏል። ቤቱ የተማረ፣ የተረጋጋ ሰው ቤት ነው። አስፈሪው ነገር ሰውየው ራሱ ውስጥ ነው። «አርተር መርቪን» ደግሞ በ1793 ፊላደልፊያ ገብቶ ወደ 5,000 ሰው በጨረሰው ቢጫ ወባ ላይ የቆመ ነው። ሕመምተኛው ገና ሳይሞት የሬሳ ሣጥን ይዘው የሚመጡበት ከተማ ካለህ ግንብ ምን ያደርግልሃል?

አንድ ነገር ግን እንዳታልፉ። ብራውን ጫካውን አስፈሪ ያደረገው የመሬቱን ባለቤቶች ጭራቅ አስመስሎ ነው። መሬቱ የተነጠቀባቸው ሰዎች በታሪኩ ውስጥ እንደ አደጋ ይመጣሉ። ይሄ ነገር የአሜሪካ ጎቲክ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለ።

የቦሌ ልጅ፦ ፖ ሚስቱን ገድሎ ግድግዳ ውስጥ ቀብሯታል የሚባለው እውነት ነው?

ጋሽ ተፈራ፦ ሐሰት ነው። ሚስቱን ግድግዳ ውስጥ የቀበረው በ1843 የታተመው «ጥቁሩ ድመት» ተራኪ ነው። የፖ ሚስት ቨርጂኒያ በ1847 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፣ እሱም ክፉኛ አዘነባት። ተራኪው ደራሲው አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው።

የቦሌ ልጅ፦ ሰካራምና እብድ ነበር ግን ይላሉ።

ጋሽ ተፈራ፦ መጠጥ ይጎዳው ነበር። «እብድ» የሚለውን ዝና ያባባሰው ግን ሩፈስ ግሪስወልድ ነው። ፖ በጥቅምት 1849 ባልቲሞር ውስጥ ሲሞት ይሄ የማይወደው ሰው በብዕር ስም ክፉ የሞት ዜና ጻፈበት። ቀጥሎም የፖን ሥራዎች አሰባስቦ ያሳተመው እሱው ሆነና ስም የሚያጠፋ የሕይወት ታሪክ አያይዞ አወጣ። ሰው ለብዙ ዓመት ፖን ያነበበው በጠላቱ መነጽር ነው። በዚህ ጨርሰናል።

ሰላም ከሲያትል፦ ፖ ከሆቶርን ይበልጣል ወይስ ያንሳል? እኔ ፖ ይበልጣል ባይ ነኝ። ሆቶርን ሰባኪ ነው የሚመስለኝ።

የቦሌ ልጅ፦ ትክክል! የመርማሪ ታሪክን የጀመረውም ፖ ነው።

ትዕግስት፦ እኔ አልስማማም። ፖ ሁለት ጊዜ ሲነበብ ዘዴው ይታወቃል። ሆቶርን እየቆየ ነው የሚገባው።

ሰላም ከሲያትል፦ የፖን «የአሸር ቤት ውድቀት» አንብበሽ ነው እንዲህ የምትዪው? ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ነው የሚጨንቀው።

ትዕግስት፦ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ የኔ እህት። እወደዋለሁም። ሲያልቅ ግን አለቀ፤ ሆቶርን አይለቅም።

ጋሽ ተፈራ፦ ቀስ በሉ ልጆች። የሩጫ ውድድር አይደለም። ፖ አስፈሪው ነገር የጀርመን ታሪኮች ሳይሆን የነፍስ ነው ብሎ ጽፏል፣ የነፍስን ብቻ ነው የሚያየው። አገር የለውም፣ ዓመተ ምሕረት የለውም። ሆቶርን አገር አለው። የኔ ልብ እዚያ ነው፣ አልደብቅም።

አንባቢው፦ ጋሼ ልሞግትዎ። ተራኪው ደራሲው አይደለም ካሉ፣ ስለ ሆቶርን ባወሩ ቁጥር ቅድመ አያቱን ለምን ያነሳሉ?

ጋሽ ተፈራ፦ ተባረክ፣ ይሄን እየጠበቅኩ ነበር። እኔ አይደለሁም ያነሳሁት፣ እሱ ራሱ ነው። በ1850 የወጣው «ቀዩ ፊደል» መግቢያ ላይ በራሱ አንደበት አባቶቹን ይጠራና ጥፋታቸውን በሕዝብ ፊት ይሸከማል፣ ኀፍረታቸው የኔ ይሁን ይላል። ማን ናቸው? አንዱ ጆን ሃቶርን ነው። በ1692 በሳሌም የጠንቋይ ክስ ተከሳሾቹን ፊት ለፊት ይመረምር የነበረ ዳኛ። 19 ሰው ተሰቀለ። ጃይልስ ኮሪ የሚባል ሽማግሌ ክሱን አልመልስም በማለቱ ድንጋይ ተጭኖበት ሞተ። ማስረጃው ምን ነበር? «መንፈሷ ሌሊት መጥቶ አነቀኝ» የሚል ቃል! ሴትየዋ ያን ሌሊት አልጋዋ ላይ እንደነበረች ቢመሰከርላት እንኳ አይጠቅማትም፣ የተከሰሰው መንፈሷ ነውና።

በኋላ በ1697 ሳሙኤል ሲዎል የተባለ ሌላ ዳኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ የኑዛዜ ቃሉ በምእመኑ ፊት ተነበበ። የሃቶርን ጸጸት ግን አልተመዘገበም። የልጅ ልጁ የልጅ ልጅ ደራሲ ሆነና የቤተሰቡ ስም ላይ አንዲት ፊደል ጨመረበት፣ ሃቶርን የነበረው ሆቶርን ሆነ። ለምን እንደጨመረ ሰው ይከራከራል። ያልተናዘዘውን አያት ግን ዕድሜውን ሁሉ በጽሑፍ ሲናዘዝለት ኖሯል ብዬ አምናለሁ።

በ1851 የወጣውን «ባለ ሰባት ጉልላቱ ቤት» እዩ። ኮሎኔል ፒንችን የጎረቤቱን የማቲው ሞልን መሬት ይመኛል። ሞል ድሃ ነው፣ መሬቱን አልሰጥም ይላል። ጠንቋይ ነው ተብሎ ይሰቀላል፣ ከክሱ ጀርባ ኮሎኔሉ አለበት። ሞል መስቀያው ላይ ሆኖ «እግዚአብሔር ደም ያጠጣዋል» ብሎ ይረግመዋል። ኮሎኔሉ መሬቱን ወስዶ ትልቅ ቤት ይሠራል። ቤቱ በሚመረቅበት ዕለት እንግዳው ሞልቶ እሱ ወንበሩ ላይ ሞቶ ይገኛል፣ ጢሙ ደም ነክቶታል። ከዚያ በኋላ ያለው ትውልድ ሁሉ በተነጠቀ መሬት ላይ የሚኖር ነው። መንፈስ ኖረም አልኖረም ለውጥ የለውም። የአሜሪካ ጎቲክ ዋና ነገር እዚህ ጋ ነው፦ የተወሰደ መሬት፣ የተገደለ ሰው፣ ያልተናዘዘ አባት፣ ወራሽ ልጅ።

ሄኖክ፦ «ሞቢ ዲክ» ጎቲክ ነው?

ጋሽ ተፈራ፦ በከፊል። በ1851 ወጣ፣ ሜልቪል መታሰቢያነቱን ለሆቶርን ሰጠው። አንብበው።

ሄኖክ፦ ረጅም ነው ጋሼ።

ጋሽ ተፈራ፦ አዎ ረጅም ነው። አንብበው።

ኪያ፦ ሰላም፣ ስለ ጎቲክ ትንሽ ቢነግሩን?

ጋሽ ተፈራ፦ ኪያ፣ ከላይ ጀምረህ አንብብና የቱ እንዳልገባህ ንገረኝ። «ትንሽ ቢነግሩን» ለሚል ጥያቄ ከየት እንደምጀምር አላውቅም።

ናቲ፦ ራስ የሌለው ፈረሰኛ አንገት እየቀላ የሚዞርበት ታሪክስ? ይሄም ሮማንቲክ ነው? ሮማንቲክ ማለት ፍቅር መስሎኝ።

ጋሽ ተፈራ፦ የፍቅሩን ለሚሚ መልሻለሁ፣ ደግሜ አልመልስም። ሁለተኛው ደግሞ ፊልም ነው። ፊልም አይታችሁ አትጠይቁኝ ብያለሁ! የዋሽንግተን ኢርቪንግ ታሪክ በ1820 የወጣ ነው፣ በሱ ውስጥ የማንም አንገት አይቀላም። አንድ ፈሪ የገጠር አስተማሪ ሌሊት በፈረሰኛ ይባረራል። ጠዋት የሚገኘው ባርኔጣውና የተፈረከሰ ዱባ ነው። ተቀናቃኙ ደግሞ ሁለቱም የሚፈልጓትን ልጅ አገባ፣ የዱባው ነገር በተነሳ ቁጥርም ይስቃል። አንብበው ናቲ፣ ደስ ይልሃል።

ሰላም ከሲያትል፦ ስለ ደራሲው ቶሮና ስለ መጽሐፉ «ዋልደን»ስ?

ጋሽ ተፈራ፦ ሌላ ቀን። እሱ በቀን የሚሄደው ወንድም ነው።

ትዕግስት፦ ጋሼ፣ ሁሉም ነጮች ናቸው። በባርነት የነበሩትስ? ለነሱ አስፈሪው ቤት ምናብ አልነበረም።

ጋሽ ተፈራ፦ እግዜር ይስጥሽ ትዕግስት። ሃሪየት ጄኮብስ በ1861 የራሷን ታሪክ አሳተመች። ከጌታዋ ለማምለጥ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በአያቷ ጎጆ ጣሪያ ሥር ሰባት ዓመት ገደማ ተደብቃለች። ርዝመቱ 9 ጫማ፣ ስፋቱ 7 ጫማ፣ ከፍታው ከ3 ጫማ የማይበልጥ ቦታ። መቆም አይቻልም። ግድግዳውን በትንሹ ቀዳድታ ልጆቿ ሲጫወቱ ታያለች፣ እነሱ አያዩዋትም። የጎቲክ ደራሲዎች ጣሪያ ሥር የተዘጋባትን ሴት እየፈጠሩ ሲጽፉ እሷ ኖራዋለች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1987 ቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ»ን ስትጽፍም መነሻዋ እውነተኛ ሴት ናት፣ በ1856 ልጇ ወደ ባርነት እንዳትመለስ ብላ የገደለቻት ማርጋሬት ጋርነር። በዚያ ቤት የሚመላለሰው መንፈስ ሕፃን ነው።

አሁን ደግሞ እኛን የሚነካ አንድ ላንሳ፣ ብዙዎቻችሁ አታውቁትም። ፖሊን ሆፕኪንስ የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ደራሲ ከ1902 እስከ 1903 ቦስተን በሚታተም መጽሔት ላይ «ከአንድ ደም» የሚል ልብወለድ በተከታታይ አወጣች። ጎቲክ ነው፣ መንፈስ ይታያል፣ የሞተች የመሰለች ሴት ትነሳለች። ሩዌል የተባለው ወጣት ሐርቫርድ ሕክምና ይማራል፣ ጥቁርነቱን ደብቋል። ከዚያ ከአሳሾች ጋር ወደ ኢትዮጵያ ይሄዳል። በሜሮኤ ፍርስራሽ አካባቢ የተደበቀ ከተማ ያገኛል፣ ደረቱ ላይ ያለው የአበባ ምልክት የጥንት ነገሥታት ዘር መሆኑን ያሳያልና ንጉሥ ይሆናል።

የቦሌ ልጅ፦ ሜሮኤ ሱዳን ነው እኮ ጋሼ። ኢትዮጵያ የሚሉት ኩሽን ነው፣ እኛን አይደለም።

አንባቢው፦ እና አክሱምስ? «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውስ?

የቦሌ ልጅ፦ እሱም ቢሆን በዕብራይስጡ ኩሽ ነው የሚለው።

አንባቢው፦ ታዲያ እኛ የት ሄድን?

ጋሽ ተፈራ፦ ይሄን ክርክር ለሌላ ቀን አቆዩት፣ በአንድ ማታ አያልቅም። የቦሌ ልጅ ስለ ሜሮኤ ልክ ነው። ነገር ግን ያ መዝሙር በጥቁር አሜሪካውያን ቤተ ክርስቲያናት እየተሰበከ ነው «ኢትዮጵያ» የሚለው ቃል ለነሱ የክብር ቃል የሆነው። ሆፕኪንስ ያደረገችውን ተመልከቱ። ለነጮቹ ደራሲዎች ከመሬት የሚወጣው የአባት ኃጢአት ነው። ለሷ ከመሬት የሚወጣው የተሰረቀ ክብር ነው። ኃጢአቱን ግን አልተወችውም። ሩዌል፣ ያገባት ሴትና የከዳው ጓደኛው የአንድ ባሪያ አሳዳሪ ልጆች መሆናቸው በመጨረሻ ይታወቃል። ርዕሱ ያን ጊዜ ነው አጥንት የሚሰብረው።

ኪያ፦ አነበብኩት ጋሼ፣ ከላይ ጀምሬ። ከየትኛው ታሪክ ልጀምር?

ጋሽ ተፈራ፦ ጎሽ። ከሆቶርን «ያንግ ጉድማን ብራውን» ጀምር። በ1835 የወጣ ነው፣ አንድ ቁጭታ አይፈጅም።

ሚሚ፦ እኔ ቅድም ስሙን ፈልጌ አገኘሁትና አሁን ጨረስኩት። ብራውን ያን ሌሊት ጫካ ውስጥ ያየው የዲያብሎስ ጉባኤ ሁሉ ሕልም ነው እውነት? ሚስቱም እዚያ ነበረች ወይስ አልነበረችም? ጭንቅ ብሎኛል።

ጋሽ ተፈራ፦ ሚሚ፣ ይሄን ለመስማት ነው ቀኑን ሙሉ የተቀመጥኩት። ሆቶርን ራሱ «ሕልም ነው ካላችሁ ይሁን» ብሎ ያልፋል፣ አይነግርሽም። አማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ዕድል አለው። የሚስቱ ስም በእኛ ቋንቋ እምነት ነው። ሰውየው ጫካ ውስጥ «እምነቴ ጠፋች!» ብሎ ሲጮህ ሁለቱንም ማለቱ ነው፣ የኛ ጆሮ ደግሞ ሁለቱንም እኩል ይሰማል። ሌላው፣ ሽማግሌው ዲያብሎስ ምን እንዳለው አስታውሺ፦ አያትህ ያቺን የኩዌከር እምነት ተከታይ ሴት በሳሌም ጎዳና ሲያስገርፋት ረድቼዋለሁ፣ አባትህም የነባሩን ሕዝብ መንደር ሲያቃጥል ችቦውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ ይለዋል። ብራውን ይሄን ሰምቶ ስለ አያቱ አንድ ጥያቄ አይጠይቅም። ጎረቤቶቹን ግን እስኪሞት ድረስ ይጠረጥራል።

አሁን ተመልሰሽ ጥብጣቡን ፈልጊ። የሚስቱን ሮዝ ጥብጣብ ጫካ ውስጥ ከሰማይ ስትወርድ በእጁ ይዟት ነበር። ጠዋት ወደ መንደሩ ሲመለስ ሚስቱ በጉጉት እያየችው ነው፣ ጥብጣቡም ራሷ ላይ ነው። እሱ ፊቷን ክፉኛ አይቶ ሰላም ሳይላት አለፋት።